ሶላር፦ በካሽ፣ በብድር ወይስ በሊዝ? ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ላላችሁ

በር አንኳኩቶ «30 ፐርሰንቱን መንግሥት ይከፍልላችኋል» የሚል ሻጭ ከመጣ ዓመቱን ጠይቁት። ለቤት ባለቤት ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ታክስ ክሬዲት በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ያስቆመው ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ነው። 21,000 ዶላር በሚያወጣ ሶላር ላይ 6,300 ዶላር ነበር፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በጊዜው አስገብታችሁ ታክሳችሁ ትንሽ ስለነበረ ክሬዲቱ የተረፋችሁ ካላችሁ ግን ቀሪው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ፎርም 5695ን እንዳይረሳ።

አሁን ሻጮቹ ሁሉ ሊዝ ሊዝ፣ ማለትም ፓናሉን ተከራዩ፣ የሚሉት ለምን መሰላችሁ? ፓናሉ የኩባንያው ከሆነ ክሬዲቱን የሚወስደው ኩባንያው ነው፣ የኩባንያዎቹ ክሬዲት ደግሞ የጊዜ ገደብ ቢኖረውም ከእኛው ጋር አብሮ አልሞተም።

ሊዝ ጥሩ ጎን አለው። መጀመሪያ ምንም አትከፍሉም፣ ሲበላሽም ጠጋኙ ኩባንያው ነው። ግን ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል። እኔ ጋ የመጣው ኮንትራት 2.9 ፐርሰንት ይላል፣ ያውም በደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ትንሽ ይመስላል አይደል? አስሉት፦ ዛሬ በወር 100 ዶላር የሆነው በ25ኛው ዓመት 198 ይገባል። ቤቱን ልሽጥ ስትሉም ገዢው ኮንትራቱን ካልተረከበ ጣጣ ነው።

ለእኔ ወሳኙ ግን የምትኖሩበት ቦታ ነው። ፓናላችሁ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ባመነጨ ቁጥር ኤስሬክ የሚባል የምስክር ወረቀት ይወጣለታል፣ መብራት ሻጮች በሕግ ስለሚገደዱ ይገዙታል። ዲሲ ጣሪያው ጥቂት፣ ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ አንዱ ለዓመታት ከ300 ዶላር በላይ ሲሸጥ ቆይቷል። 7 ኪሎዋት የሆነ ሶላር በዓመት 8 ያህል ያወጣል፤ በ300 ብታባዙት 2,400 ዶላር ነው። ዋጋው እንደ ገበያው ይወጣል ይወርዳል፣ እዚያ ላይ አትሞኙ። በሊዝ ከገባችሁ ደግሞ ይህ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ነው! ስለዚህ ዲሲ ያላችሁ፣ አቅም ካለ ግዙት። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት የከተማውን «ሶላር ፎር ኦል» ጠይቁ፣ እሱ እውነትም ነፃ ነው።

ሜሪላንድ የአንዱ ኤስሬክ ዋጋ በአሥሮች ዶላር የሚቆጠር ነው። ከ2024 አጋማሽ ወዲህ የተገጠሙ ትንንሽ የቤት ሶላሮች ተመዝግበው ሲጸድቁ አንዱ እንደ አንድ ተኩል ይቆጠርላቸዋል፣ ዕቃውም የሽያጭ ታክስ የለበትም። ቨርጂኒያ ዋናው ጥቅም ከወርሃዊ ቢል የሚቀነሰው ነው፣ ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ዘመድ «አዋጣኝ» ስላለ ብቻ አሌክሳንድሪያ ሆናችሁ አትፈርሙ።

ብድርስ? ካሽ ካለኝ ካሽ እመርጣለሁ። ወለዱ ዝቅ ያለ ብድር ሲያቀርቡላችሁ «በካሽ ብገዛው ስንት ነው?» በሉ፤ ልዩነቱ ብዙ ሺህ ከሆነ ወለዱን በዋጋው ውስጥ ደብቀውታል ማለት ነው።

ጣሪያው ያረጀ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ፓናል አውርዶ መልሶ ለመስቀል የሚጠየቀው ብር የዓመታት ቁጠባችሁን ይበላል።