ዲላን ወይስ ቤክ? መለያየት የወለዳቸው ሁለት የፎክ ሮክ አልበሞች

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር የትዝታ ዜማ እየሰማ ያደገ አድማጭ ከባሕር ማዶ አንድ የኀዘን አልበም ልግዛ ቢል፣ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው የአሜሪካውያኑ ዘፋኞች፣ የቦብ ዲላን «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» እና የቤክ «ሲ ቼንጅ» ናቸው። ሁለቱም በፎክ ሮክ፣ ማለትም የሕዝብ ዘፈንና ሮክ በተዋሐዱበት ስልት የተሠሩ፣ ሁለቱም 50 ደቂቃ ገደማ የሚፈጁ፣ ሁለቱም ከመለያየት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ነገር ግን በአንደኛው ኀዘኑን የሚሸከመው ግጥሙ ሲሆን በሌላው ድምፁ ነው፤ ገዢው ሊመረምረው የሚገባው ይህንኑ ነው።

የዲላን አልበም በጥር 1975 ወጣ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ትዳሩ በሻከረበት ወቅት የተሠራ ቢሆንም፣ ዘፋኙ ራሱ የሕይወት ታሪኬ አይደለም ብሏል። በመስከረም 1974 ኒውዮርክ ውስጥ ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ከ10ሩ ዘፈኖች አምስቱን በታኅሣሥ መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ከነበሩ ሙዚቀኞች ጋር እንደ ገና ስለ ቀዳቸው፣ አንዱ ዘፈን በጊታርና በባስ ብቻ ጭር ብሎ ሲያልፍ ሌላው በከበሮ ታጅቦ ይግላል። «ኢዲየት ዊንድ» የሚለው ዘፈን ወደ ስምንት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ሴቲቱን ሲወቅስ ይቆይና፣ በመጨረሻው አዝማች ላይ ግን ወቀሳውን «እኛ» ብሎ ለራሱም ያካፍላል። የዋሸራን የቅኔ ወግ የሚያውቅ፣ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳያገኝ የማይተኛ ሰው በዚህ አልበም ብዙ ይቆያል። እንግሊዝኛው ለማይቀናው ግን ግማሹ ቀረበት ማለት ነው፤ የዲላን የተነፋነፈ ድምፅም ሁሉን አይማርክም።

ቤክ በ2002 ያወጣው «ሲ ቼንጅ» 12 ዘፈኖች አሉት፤ ግጥሞቹ ቀላል፣ አንዳንዴም ተራ ናቸው። ብርታቱ አቀናባበሩ ላይ ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ (የቀረጻው መሪ) ናይጀል ጎድሪች ሲሆን፣ የቫዮሊኖቹን ቅንብር የጻፈው የዘፋኙ አባት ዴቪድ ካምቤል ነው። «ሎንሰም ቲርስ» ሲያልቅ ቫዮሊኖቹ ደረጃ በደረጃ እየወጡ ድምፁን ስለሚውጡት፣ ቋንቋውን ያልሰማ አድማጭም ኀዘኑ አያመልጠውም። ጉድለቱ አዘጋገሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ መሆኑ ነው፤ ለመንገድ አይሆንም፤ ማታ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ቢሰሙት ይሻላል።

አጭር አልበም ለሚፈልግ የአሜሪካዊው የፎክ ባንድ የቦን ኢቬር «ፎር ኤማ፣ ፎርኤቨር አጎ» አለለት፤ ዊስኮንሲን ውስጥ በአንድ የአደን ጎጆ በክረምት የተቀዳ፣ 9 ዘፈን ብቻ ያለው፣ 37 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። በ320 ኪሎቢት ጥራት ሲወርድ 90 ሜጋባይት ቢሆን ነው፤ «ሲ ቼንጅ» ግን በዚያው ጥራት ወደ 125 ይደርሳል።

በእኔ ግምት ግጥም ወዳዱ ዲላንን፣ ዜማ ወዳዱ ቤክን ቢገዛ አይጸጸትም። ያመነታ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት «ኢዲየት ዊንድ»ን እና «ሎንሰም ቲርስ»ን ተራ በተራ እስከ መጨረሻቸው ይስማቸው፤ መሐል ላይ ማቋረጥ ግን አይገባም፣ የሁለቱም ጉልበት ያለው ማብቂያቸው ላይ ነውና።