ዘይት አይደለም፣ ካቦ ነው!
ድሬ ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል ትመቻለች። ብቻ ከገዛሁት ወር ያልሞላው ባለ 21 ማርሽ ሳይክሌ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ስር ሰው እስኪዞር ድረስ "ክርርር" ማለት ጀመረ። የገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት። ሻጩ ካቴናው ላይ ዘይት አርከፈከፈና "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለቀዋል" ብሎ ሸኘኝ። የት ይለቀዋል! ዘይቱ አሸዋ ሰብስቦ ጭራሽ ባሰበት።

መጋላ በረንዳ ላይ የሚሠሩ አንድ አባባ ጋ ሄድኩ። ሳይክሉን ገልብጠው በኮርቻውና በመሪው አቆሙት፣ ፔዳሉን በእጃቸው እያዞሩ ጆሯቸውን አስጠጉ። "የቱ ማርሽ ላይ ነው የሚጮኸው ልጄ?" ሻጩ ይህቺን እንኳ አልጠየቀኝም። ፊትም ኋላም ትልቁ ጥርስ ላይ ሲሆን አልኳቸው። "እሱማ ካቴናው ተጣሞ ስለሚሄድ ነው፣ ሁለቱን ትልልቆች አታገናኛቸው።" ግን ካቴናው ከኋላ መሃለኛው ጥርስ ላይ ሲሆንም የፊቱን ማርሽ መቀየሪያ ብረት ይታከክ ነበር። ለካ የአዲስ ሳይክል ካቦ (ማርሽ መቀየሪያውን የሚስበው የሽቦ ገመድ) መጀመሪያ አካባቢ ይላላል፣ ሲላላ ደግሞ ካቴናውን የሚገፋው ብረት ቦታው ድረስ አይሄድም። ካቻቢቴ አላነሱም፤ የመቀየሪያው ብሎኖች ካቴናው ከጥርሱ እንዳይወድቅ የሚገድቡ ናቸው እንጂ የላላ ካቦ አይወጥሩም። መሪው ጋ ያለችውን ትንሽ ክብ ማስተካከያ በጣታቸው ወደ ግራ ትንሽ አዞሩ፣ ፔዳሉን ሞከሩ፣ ደግሞ ትንሽ። ጸጥ አለ።

የሱቁ ዋጋ መጥፎ አይደለም፣ ሳይክሉም ደህና ነው። ለጥገና ግን አልመለስም። አባባ የተቀበሉኝ የሻይ ብቻ ነው።