«ከበሉ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሚያምዎት?» ብሎ ለጠየቀ ሰው

እናቴን በአልትራሳውንድ የመረመራት ባለሙያ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እነግራለሁ።

እናቴ ሰባት ወር ሙሉ ምግብ ፈርታ ኖረች። ፈርታ ስል አጋንኜ አይደለም። ሰሃን ሲቀርብ ፊቷ ይለወጥ ነበር። ትንሽ ትቀምሳለች፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷን ይዛ እጥፍ ትላለች። ከዚያ ጨርሶ መብላት ተወች። 16 ኪሎ ቀነሰች። ቀሚሶቿ ከሌላ ሰው የተዋሰቻቸው መሰሉ።

የዞርንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፣ ለነሱም አይጠቅምም ለኔም። አንዱ ጨጓራ ነው አለ። መድኃኒቱን ዋጠች፣ ምንም። ሌላው የነርቭ ነው አለ። ሦስተኛው እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ብቸኝነት ይሆናል፣ አጫውቻት» አለኝ። አጫውቻት! ሴትዮዋ ዓይኔ እያየ እያለቀች እኮ ነው። ከሁሉ የባሰ የሚቆጨኝ ግን ትንሽ አምኜው ነበር። አንድ ቀን «እማዬ፣ እስቲ ራስሽን አበርቺ» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ዝም ብላ አየችኝ።

አልትራሳውንድ ሁለቴ ተነስታለች። ጉበት ደህና፣ ሐሞት ደህና፣ ኩላሊት ደህና። እውነትም ደህና ነበሩ፣ ደም ስሮቹን ግን ያየ የለም። በመጨረሻ የሆድ ዶፕለር፣ ማለትም ደም በደም ስር ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ ታዘዘላት። የሄድንበት ቦታ ሳትበላ እንድትመጣ የነገረን ሰው አልነበረም። ሰውዬው መሣሪያውን ሆዷ ላይ ጫን አደረገና «ጋዝ ነው፣ ምንም አይታይም» ብሎ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አስነሳን። ክፍያው ግን አልቀረልንም።

እንግዲህ ይሄ ሰው ጋ የደረስነው ተስፋ ቆርጠን ነው። ገና ቀጠሮ ስንይዝ በስልክ «ለስድስት ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተው በጠዋት ይምጡ፣ ስኳር ካለባቸው ወይም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ» ተባልን። እናቴ «አለመብላቱን ከለመድኩት ቆየሁ» ብላ ሳቀች። ሳቋ አንጀቴን በላው።

ገብታ ስትተኛ መሣሪያውን አላነሳም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና «እማማ፣ ከበሉ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሚያምዎት?» አላት። በሰባት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እናቴ ጥያቄውን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። እስክትጨርስ ጠበቃት፣ ሶፍት አቀበላት።

ምርመራው አንድ ሰዓት ገደማ ወሰደ። ያ የተረገመ ጋዝ አሁንም ነበረ፣ እሱ ግን አልሸሸም። በጎኗ አስተኛት፣ ቀስ እያለ ተጫነ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ሞከረ። «ትንፋሽዎን ይያዙ እማማ… ይልቀቁ… ጎበዝ።» መርፌ የለ፣ ጨረር የለ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲታይ እናቴ «ሰማያዊው የተበላሸው ደም ነው?» አለች። አልሳቀባትም። «አይደለም እማማ፣ ቀለሙ ደሙ ወደ መሣሪያው እየመጣ ነው ወይስ እየራቀ ነው የሚለውን ነው የሚነግረኝ» አላት። ድምፁንም ከፍ አድርጎ የራሷን ደም አሰማት። ፉሽ፣ ፉሽ፣ ፉሽ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥኖ ፉጨት ሆነ። እሱ ዝም አለ። ተመልሶ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለካ።

ስለ ቁጥሮቹና ስለ ማዕዘኑ የነገረኝ ብዙ አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ አንጀትን የሚመግቡ ሦስት ዋና ደም ስሮች አሉ፣ የእናቴ ዋነኛው ጠቧል። የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ሲጫኑት ውሃው እንደሚፈጥነው ደሟም በጠበበው በኩል እየተወረወረ ነበር። ሲበላ አንጀት ብዙ ደም ይፈልጋል፣ እሷ ጋ አይደርሰውም፣ ስለዚህ ያማል። በቃ። ሰባት ወር «ነርቭ» ሲባል የነበረው ይሄ ነው።

ወረቀት አስይዞ አልሸኘንም። ሐኪሟ ጋ ራሱ ደወለ፣ «ዛሬውኑ ሂዱ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ» አለን። ሲቲ ስካኑም ያንኑ ቦታ አሳየ። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ገብተው ደም ስሩን ከፍተው ስቴንት፣ ደም ስሩ ተመልሶ እንዳይጠብ የሚይዝ ትንሽ የወንፊት ቱቦ፣ አስቀመጡላት።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ በበላ ቁጥር የሚያመውና እየከሳ ያለ ሰው ካለ «ጨጓራ ነው» ተብላችሁ አትቀመጡ። «የሆድ ደም ስሮቹስ ታይተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቻላችሁ ደግሞ ይሄን ሰው ፈልጉት። ደግሜ እላለሁ፣ ፈልጉት። ማሽኑ ሌላም ቦታ አለ፣ እንደሱ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ግን እኔ አላገኘሁም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፦ ዛሬ እማዬ ምሳዋን ጨርሳ ሰሃኗን ወደኔ ገፋችው። ላነሳው ስል እጄን ያዘችኝ። «የት ትወስጂዋለሽ? ጨምሪልኝ እንጂ» አለችኝ።