ለጊቤ ቁልቁለት የትኛው የፍሬን ሸራ ይሻላል? ኦሪጅናል፣ ደህና ብራንድ ወይስ ፎርጅድ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰዎች ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሸራ ልቀይር ነው፣ የቱን ልግዛ?» ሁለቱ ቡና ነጋዴዎች ናቸው፤ ከጅማ አዲስ አበባ እንደ ጎረቤት ቤት ይመላለሳሉ። አንዷ ቪትዝ የገዛችው በቅርቡ ነው። አራተኛው የአክስቴ ልጅ ነው። ኮሮላውን ዝቅ ካስደረገ ወዲህ «የውድድር ፍሬን ካላስገባሁ» ብሎ ቆርጦ ተነስቷል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መሃለኛውን ግዙ። የታወቀ የፍሬን አምራች ስም ያለበት፣ ግን የቶዮታ ካርቶን የሌለው ሸራ ማለቴ ነው። የተረፋችሁን ብር የፍሬን ዘይት ላይ አውሉት። ፎርጅዱን በነፃ ቢሰጧችሁም አትንኩት።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። አምና ክረምት ለኮሮላዬ የፊት ሸራ በ2,200 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ የታወቀ የጃፓን ስም አለው፣ ፕላስቲኩ ታሽጓል፣ ባለ ሱቁም «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» ብሎ ምሏል። ከተማ ውስጥ ምንም አላለኝም። ትንሽ ያፏጫል፣ በቃ። ከዚያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ አምስት ሰው ጭኜ፣ ሻንጣውም ሞልቶ፣ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ድልድይ ቁልቁል ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ። መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፔዳሉ ለሰለሰ፤ እረግጣለሁ፣ መኪናው ግን እንደ ድሮው አይያዝም። እናቴ ከኋላ ተቀምጣለች። ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ እየቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ ዳር ያዝኩ።

ውሃ ላፈስበት ስል አንድ የአይሱዙ ሾፌር ወርዶ እጄን ያዘኝ። «አታድርግ፣ ዲስኩ ይጣመምብሃል። አርባ ደቂቃ ተቀመጥ።» ተቀመጥን። ጅማ ደርሰን ጎማው ሲወልቅ ከአራቱ ሸራዎች የአንዱ ግማሽ ከብረቱ ተላቆ የለም። ብረቱ ዲስኩን፣ ማለትም ሸራው ጨምድዶ የሚያቆመውን ክብ ብረት፣ እየፋቀ ነበር። ሸራው የሄደው 7,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ጊቤ ላይ ፍሬን ለምን እንደሚፈተን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከወልቂጤ እስከ ወንዙ የምንወርደው ከፍታ ከ700 ሜትር ይበልጣል። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 26 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩና ንፋሱ ከዚያ ላይ ይቀንሱልናል፤ ሾፌሩ ማርሽ ካልቀነሰ ግን አብዛኛውን ሙቀት የሚሸከሙት ዲስኮቹና እነዚያ መዳፍ የማይሞሉ ሸራዎች ናቸው። የውድድር ሜዳ ላይ መኪና የሚፈትኑ ሰዎች ፍሬን የሚቀይሩትም ለዚሁ ነው። አንዴ ማቆም ለማንኛውም ፍሬን ቀላል ነው። ችግሩ ሳይቀዘቅዝ ደጋግሞ ማቆም ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ ከሆነ በኋላ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ የኔን እንደ መነሻ ውሰዱት። ፎርጅዱ 2,200 ብር። የእጅ ዋጋ 600። የተፋቁትን ሁለት ዲስኮች ቶርኖ ቤት ማስላጫ 1,600። ድምሩ 4,400 ብር፣ ለ7,000 ኪሎ ሜትር። በኪሎ ሜትር 63 ሳንቲም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያስገባሁት መሃለኛው ሸራ 5,800 ብር ነው፤ ከእጅ ዋጋ ጋር 6,400። እስካሁን 34,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ገና ትንሽ ይቀረዋል። ዛሬ አውጥቼ ብጥለው እንኳ በኪሎ ሜትር 19 ሳንቲም ነው። ጓደኛዬ ለተመሳሳይ መኪና የቶዮታ ካርቶን ያለውን በ11,500 ገዝቶ 41,000 ተጠቀመበት። ከእጅ ዋጋ ጋር ወደ 30 ሳንቲም ይጠጋል። ርካሽ ብዬ የገዛሁት ከመሃለኛው ሦስት እጥፍ፣ ከኦሪጅናሉም ሁለት እጥፍ አስከፈለኝ።

ኦሪጅናሉን አልነቅፍም። ጸጥ ይላል፣ ልክ ይገባል፣ ዲስክ አይበላም። ብር ያለው ይግዛው። ግን ቶዮታ ሸራ የሚያገኘው አድቪክስንና አኬቦኖን ከመሳሰሉ አምራቾች ነው። አኬቦኖ፣ ፌሮዶ፣ ቦሽ፣ ብሬምቦ በራሳቸው ካርቶን ሲሸጡ ግማሽ ዋጋ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ለጅማ–አዲስ አበባ መንገድ ልዩነቱ 5,700 ብር የሚያስጨምር ሆኖ አላየሁትም።

የአክስቴ ልጅ የፈለገው ሌላ ነው። ቀዳዳ ያለው ዲስክ ከውድድር ሸራ ጋር፣ 38,000 ብር ተብሎለታል። እኔ አትግዛ ብዬዋለሁ። ለውድድር ብቻ የተሠራ ሸራ በደንብ የሚይዘው ሲግል ነው። ጠዋት በብርድ ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ወደ ከተማ ሲወርድ የመጀመሪያዋ ብሬክ ላይ ያሳፍረዋል። ዲስክም ቶሎ ይበላል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ በድሮ ጊዜ ከጋለ ሸራ የሚወጣውን ጋዝ እንዲያስተነፍሱ ነበር። ዛሬ ዲስኩ ደጋግሞ ሲግልና ሲበርድ ስንጥቅ የሚጀምረው ከነሱ ዙሪያ ነው። ትልቅ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላስገባ ካለ የኮሮላው ቸርኬ አይበቃውም። ቸርኬ ሲቀየር ጎማ ይቀየራል፣ ወጪውም የመኪናውን ዋጋ መጠጋት ይጀምራል። ለዚያውም መኪናውን መሬት ላይ የሚይዘው ጎማው ነው። ጎማው ያለቀ ከሆነ የትኛውም ፍሬን አያቆመውም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር ውሃ ይስባል፤ እንደ ጅማ ዝናብ የማይለየው አገር ደግሞ ይበረታል። ውሃ የሳበ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ አረፋ ይይዛል፣ ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል። ዘይቱ የሚለየው «ዶት» በሚባል ደረጃ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። እኔ ዶት 4 እጠቀማለሁ፤ ግማሽ ሊትሩን በ900 ብር ነው የገዛሁት፣ ሁለት ይበቃል። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ በአራቱም ጎማ አየር ተነፍሶ ይቀየር። በሁለት ዓመት አንዴ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ስሙ ከ5.1 ጋር ስለሚመሳሰል ተጠንቀቁ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምርላችሁ ጋራዥ ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። እንዲህ ያለው ዘይት ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ክፍሎች ያሳብጣቸዋል።

ፎርጅድ እንዴት ይለያል? ካርቶኑን እርሱት፣ ካርቶን ማተም ቀላል ነው። ሸራውን አውጡና ጠርዙንና ጀርባውን እዩ። ደህና ሸራ ላይ ከአምራቹ ኮድ ጋር ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። የመጀመሪያው በተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው በጋለ ጊዜ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን አያያዙ ይበረታል፤ «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45። ለጊቤ ሁለቱም ኤፍ የሆነውን ነው የምመርጠው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው የሚያንስ ከሆነ ሲግል ይደክማል ማለት ነው። የአውሮፓ ደረጃ ያለው ደግሞ ክብ ውስጥ ያለ «ኢ» እና 90 ቁጥር ይኖረዋል። ያ ምልክት የሸራው አያያዝ ከመኪናው የመጀመሪያ ሸራ አያያዝ በ15 በመቶ ውስጥ እንዲቀራረብ ይጠይቃል። የቶዮታ የፊት ሸራ ቁጥር በ04465 ይጀምራል።

ጽሑፍም ይገለበጣል፣ ስለዚህ በእጃችሁም ፈትኑ። ሸራው ከብረቱ ጋር የተያያዘበትን መስመር ተመልከቱ፤ ክፍተት ካለ መልሱ። ጠርዙን በጥፍር ስትፍቁት እንደ ጠመኔ ከረገፈ መልሱ። አራቱን ተራ በተራ በእጃችሁ መዝኗቸው። የኔዎቹ ፎርጅዶች አንዱ ከሌላው ይቀል ነበር፤ ያን ቀን ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ እናቴን ጊቤ ላይ አላስደነግጥም ነበር። ባለ ሱቁ ካርቶኑን እንድትከፍቱ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ጅማ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ላኩ፣ ግን ቁጥሩን ጻፉለት።

ለኋላው ጎማ ታምቡር ፍሬን ብዙ አትጨነቁ። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ጭቃውን አስጠርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን አስተካክሉ፣ ይበቃል።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ሐሳቡን ቀይሮ መሃለኛውን ሸራና ሁለት ዶት 4 ገዝቷል። ቅዳሜ ጋራዥ ይገባል። እሑድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ በሰርቦ መንገድ አብረን እንወጣለን። ከ60 ወደ 20 እያወረድን፣ ሙሉ በሙሉ ሳናቆም፣ አሥር ጊዜ ያህል እንረግጥና ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ እናደርጋለን፤ ከዚያ ፍሬን ሳንነካ እየነዳን እናቀዘቅዘዋለን። ጊቤን የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም በሁለተኛ ማርሽ።