ውሃ የተሞላችው ሕፃን ጉድ ሠራችኝ፦ ሐዋሳ ላይ የወሰድኩት የሁለት ቀን ሥልጠና

ሐኪም ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነው። አልተነፍስ ያለ ጨቅላ ማስተንፈስ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ኢንተርን ሳለሁም ከሲኒየሮች ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ። ለካ ማየት ሌላ፣ መሥራት ሌላ!

ሥልጠናው ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው የሚሰጠው። የማማርርበት ነገር ስላለኝ የአዘጋጁን ስም አልጠራም። ትምህርቱ ግን የእነሱ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2010 ያስጀመረውና በብዙ ታዳጊ አገሮች የሚሰጥ ነው። ዋናው ነገር "ወርቃማዋ ደቂቃ" ናት። የተወለደ ልጅ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ወይ ራሱ መተንፈስ አለበት፣ ወይ በአምቡ ባግ፣ ማለትም ጭንብል ባለው፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት፣ ማስተንፈስ ይጀመርለታል።

ስላይድ የለም ማለት ይቻላል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው አንድ ፖስተር አለ፤ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሥራ ነው።

የምንለማመድባት ሕፃን አሻንጉሊት ናት፤ ባዶዋን የታጠፈ ላስቲክ ናት። ለብ ያለ ውሃ ሲሞላት ግን ትከብዳለች። አንገቷን ካልደገፍካት ጭንቅላቷ ዝልፍልፍ ይላል። ከሆዷ ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ላይ የሚጨመቁ ኳሶች አሉ። አንዱ ያስለቅሳል፣ አንዱ ያስተነፍሳል፣ አንዱ እትብቷን ያስመታል። ኳሶቹን የያዘችው የእኔ ጥንድ፣ ከይርጋለም የመጣች አዋላጅ ናት። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ልጅቷን ዝም አሰኘችብኝ።

አደረቅኳት። እርጥቡን ጨርቅ ቀየርኩ። ጀርባዋን አሸሁ። ዝም። ጭንብሉን አድርጌ ባጉን ጨመቅኩ፣ ደጋግሜ ጨመቅኩ። ደረቷ ንቅንቅ አላለም። አሠልጣኛችን በዕድሜ የገፉ ሲስተር ናቸው፤ ከኋላዬ መጡ።

"ዶክተርዬ፣ ባጉን ተወውና ጭንብሉን ያዝ። አየሩ በጉንጯ በኩል እየወጣ እኮ ነው።"

አገጯን ወደ ጭንብሉ ሳብ፣ ጭንቅላቷን በትንሹ ወደ ኋላ ቀና አደረግኩ። ደረቷ ተነሳ። ከዚያ ጮክ ብዬ "አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት" እያልኩ፣ በደቂቃ 40 ጊዜ ገደማ ጨመቅኩ። ልጅቷ ስታለቅስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ለላስቲክ አሻንጉሊት!

አሁን ምሬቴ። ለ14 ሰልጣኝ ሁለት አሻንጉሊት ብቻ። አንዷ ደግሞ ታፈሳለች፤ ሱሪዬ ምስክር ነው። ሁለቱንም ቀን አርፍደው ጀመሩ። ምሳ አይሰጡም፤ አሞራ ገደል ሄደን ዓሳችንን በላን። ይቺ እንኳን አልከፋችኝም።

የከፋኝ መጨረሻው ነው። ሰርተፊኬት ታደለ፣ ፎቶ ተነሣን፣ አሻንጉሊቶቹ ካርቶናቸው ውስጥ ገብተው ተቆለፈባቸው። አለቀ። ታንዛኒያ ውስጥ ሃይዶም በሚባል የገጠር ሆስፒታል እኮ ይኼ ተጠንቷል። ከአንድ ቀን ሥልጠና በኋላ ባለሙያዎቹ አሻንጉሊት ላይ ጎበዝ ሆኑ፤ ማዋለጃ ክፍል ግን አሠራራቸው አልተለወጠም። ነገሩ የተሻሻለው በሥራ ቦታቸው ቶሎ ቶሎ፣ ለጥቂት ደቂቃ መለማመድ ሲጀምሩ ነው።

ስለዚህ ለአሻንጉሊቷና ለሲስተር 5 ከ5፣ ለአዘጋጁ 2። የምትሄዱ ከሆነ ብቻችሁን አትሂዱ። አብራችሁ ተረኛ ከምትሆን አዋላጅ ጋር ተመዝገቡ፣ ቅያሪ ሱሪም ያዙ።

እኛ ጋ አሻንጉሊት የለም። በየፈረቃው መጀመሪያ ግን ከአዋላጇ ጋር አንድ ነገር እናደርጋለን። ጭንብሉን መዳፋችን ላይ ጥብቅ አድርገን ባጉን እንጨምቃለን፤ ደህና ከሆነ እጅን ይገፋል፣ አየሩም በቫልቩ ሽው ብሎ ይወጣል። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ስንሞክረው ልፍስፍስ አለ። ገልብጠን ብናየው፣ አንድ ሰው አጥቦት ሲገጥም ቫልቩን ረስቶታል። ቫልቩን ከመሳቢያ ውስጥ፣ ከጓንት ሥር አገኘነው።