ለአሮጌ ኮሮላ የነዳጅ ፊልትሮ፦ በጅማ የተገዛበት ሱቅና የተገጠመበት ጋራዥ

በሄርማታ መርካቶ አካባቢ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ከአንዱ የገዛሁት የነዳጅ ፊልትሮ በጥራቱም በዋጋውም የሚመሰገን ነው፤ የተገጠመበት ጋራዥ ግን ከግማሽ በላይ ምስጋና አይገባውም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን ቤንዚኑን የሚያገኘው በካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው የቆየ መሣሪያ) ሳይሆን በኢንጀክተር (ቤንዚንን በግፊት በሚረጨው አፍ) ነው። ይህን አስቀድሜ የምጠቅሰው የፊልትሮ ምርጫ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት በመሆኑና፣ ብዙ ገዢም ሆነ አንዳንድ ሻጭ ሳያጣራው ስለሚያልፍ ነው።

ለመቀየር ያበቃኝ ምልክት ከተማ ውስጥ የሚታይ አልነበረም። መኪናው ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ ሲመላለስ ምንም እንከን አይታይበትም፤ ሚኒሞውም፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ ያለው ዙር፣ የተስተካከለ ነበር። ጊቤን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣውን አቀበት ሲይዝ ግን ሞተሩ ጉልበት ያጣና ይደነቃቀፋል፤ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀለል ሲያደርጉለት ደግሞ መልሶ ይረጋጋል። በዝግታ የሚሠራ ሞተር የሚፈልገው ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ በከፊል የተደፈነ ፊልትሮም ያንኑ ያህል አያሳጣውም፤ ጭነት ሲበዛ ግን የሚፈለገው መጠን ማለፍ ስለማይችል ኢንጀክተሮቹ ጋ የሚደርሰው ግፊት ይወርዳል። የደከመ ፓምፕ ወይም ያረጀ ካንዴላም (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይህንኑ የመሰለ ጠባይ ሊያመጣ ይችላል። ካንዴላዎቹ ደህና ሆነው ከተገኙ ግን ቀድሞ ፊልትሮውን መቀየር ይሻላል፤ ከፓምፕ ይልቅ እጅግ ርካሽ ከመሆኑም በላይ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ፓምፑን ከአቅሙ በላይ እያስገፋ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሱቁ ባንኮ ላይ ሦስት ዓይነት ዕቃ ቀረበልኝ። የመጀመሪያው ውስጡ በዓይን የሚታይ ትንሽ የፕላስቲክ ፊልትሮ ሲሆን፣ ዲኤክስ ለሚባለው የቆየ ኮሮላና ለሌሎች ባለ ካርቡሬተር መኪኖች የሚሆን ነው። በእነዚያ መኪኖች ፓምፑ በሞተሩ እየተገፋ የሚሠራ በመሆኑ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከሩብ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ብዙም አይበልጥም፤ በእኔው ኮሮላ ውስጥ ግን ወደ 3 ባር ይጠጋል። ስለዚህ የፕላስቲኩን ፊልትሮ ባለ ኢንጀክተር መኪና ላይ በጎማ ቱቦ አያይዞ መግጠም፣ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ እንዲረጭ መጋበዝ ነው። ሻጩ ይህን ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብለት እንደማይሸጥ ስለነገረኝ ለሱቁ ያለኝ ግምት ከፍ አለ።

ሁለተኛው የብረት አካል ያለው፣ የአምራች ስም ያልተጻፈበት ፊልትሮ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ሳኩራ የሚባለው ነው፤ ስሙን ሰምተው ብዙዎች የጃፓን ዕቃ ቢያደርጉትም የኢንዶኔዥያ ምርት ነው። ሁለቱን በግራና በቀኝ እጄ ይዤ ስመዝናቸው ስም የለሹ በግልጽ ይቀልላል፤ ውስጡ ያለው የማጣሪያ ወረቀት ምን ያህል እንደሆነ ከውጭ ማየት ባይቻልም፣ ቅለቱ አንድ ነገር መናገሩ አይቀርም። ከዚያ ይልቅ የሚያስተማምነው የአፉ አሠራር ነው። የስም የለሹ የመግቢያ ጥርስ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ሻካራ የብረት ፍርፋሪ ነክቶኛል፤ ሁለቱም አፎቹ ክዳን ስላልነበራቸው አቧራ ለመግባት የሚከለክለው አልነበረም። የሳኩራው ሁለቱም አፎች በክዳን ተዘግተዋል፣ ቤንዚኑ የሚፈስበትን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት በአካሉ ላይ ጎልቶ ታትሟል፣ በካርቶኑም ውስጥ ከብሎኑ ጋር ታስረው ቤንዚን እንዳይንጠባጠብ የሚዘጉ ሁለት አዳዲስ የመዳብ ቀለበቶች ነበሩ። የስም የለሹ ዋጋ የሳኩራውን ግማሽ ያህል ቢሆንም፣ ያለ ቀለበት የሚሸጥ በመሆኑ ልዩነቱ በመጨረሻ ያን ያህል አይሰፋም።

የቶዮታ ስም የታተመበት ካርቶንም በመደርደሪያው ላይ ነበር። ያንን የተውኩት በዋጋው ምክንያት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ ይበልጥ አስመስለው የሚሠሩት ዕቃ እሱ በመሆኑ ነው። እውነተኛውን የሚፈልግ ሰው ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይኖርበታል፤ ቶዮታ ለቤንዚን ፊልትሮዎቹ የሚሰጠው ቁጥር በአብዛኛው በ23300 የሚጀምር ሲሆን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያሉት አምስት አሃዞች ለየትኛው ሞተር እንደሆነ ይለያሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጥመው የኋለኞቹ ካልገጠሙ ዕቃው ፊልትሮ ይሁን እንጂ የእርስዎ መኪና ፊልትሮ አይደለም።

ሻጩ ዕቃውን ከማውጣቱ በፊት «ጋሼ፣ ሊብሬውን ይዘውታል?» ብሎ መጠየቁ፣ የሻንሲውን ቁጥርና የሞተሩን ዓይነት ከመዝገቡ ጋር ማመሳከሩ፣ ካልገጠመም ክዳኑ ሳይነሳ እንደሚመልስልኝ መናገሩ በየሱቁ የሚገኝ መስተንግዶ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኝቶኛል፤ ደረሰኝ ለማግኘት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ።

ወደ ጋራዡ ስንመጣ፣ የመካኒኩ የመጀመሪያ ሐሳብ «ጋሼ፣ በኮምፕሬሰር እናስነፋው፤ ምን አዲስ ያስገጥምዎታል?» የሚል ነበር። ይህ ልማድ እጅግ የተስፋፋ ቢሆንም ምንም የሚያዋጣ ነገር የለውም። ማጣሪያው ወረቀት ነው፤ በአየር ግፊት ወደ ኋላ ሲነፋ የላላው ቆሻሻ ጥቂቱ ይወጣል፣ ወረቀቱ ውስጥ የገባው ደቃቅ ግን እዚያው ይቀራል፣ ወረቀቱ ከተቀደደ ደግሞ ቆሻሻው ያለ ከልካይ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። ሐሳቡን ስቃወም መካኒኩ አልተከራከረኝም፤ ይህ ለእሱ የሚቆጠር ነው።

የሚቆጠርበት ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። በመስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ሳያወርድ ቁልፉን ይዞ ቱቦውን ከፊልትሮው ጋር ወደሚያያይዘው ብሎን ሄደ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ በመስመሩ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ብሎኑ እንደላላ ቤንዚኑ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የፓምፑን የኤሌክትሪክ ሶኬት ነቅሎ ሞተሩን ማስነሳት፣ በመስመሩ የቀረውን ቤንዚን ጨርሶ በራሱ ሲጠፋ የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት፣ ከዚያም ብሎኑን በጨርቅ ሸፍኖ ቀስ ብሎ ማላላት ነው። በጥያቄዬ መሠረት እንዲሁ ተደረገ። ፊልትሮው በሌላ ቁልፍ ተይዞ የታችኛው ብሎን ብቻውን መፈታቱ ግን የመካኒኩ የራሱ ጥንቃቄ ነበር፤ ይህ ካልተደረገ በዚህ ዕድሜ ያለ የብረት ቱቦ በቀላሉ ይጣመማል።

የወጣውን ፊልትሮ በመግቢያ አፉ በኩል ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥነው። መጀመሪያ የወጣው ቤንዚን ሻይ የመሰለ መልክ ነበረው፤ በኋላ ከሥሩ ዝገት የመሰለ ቀይ ደለል ተከተለ፣ በመጨረሻም ከቤንዚኑ ጋር ያልተቀላቀሉ ጥቂት የውሃ ፍንጣቂዎች ሳህኑ መካከል ተሰብስበው ታዩ። ጅማ ዝናብና እርጥበት የማይለያት ከተማ እንደመሆኗ፣ ታንኩ ግማሽ ጎደሎ ሆኖ የሚያድር መኪና ውስጥ ውሃ መገኘቱ አያስገርምም። ማደያው ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ወይም በሃይላንድ የሚገዛው ቤንዚንም የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

የላይኛው ብሎን ሲታሰር መካኒኩ አዲሶቹን የመዳብ ቀለበቶች ትቶ አሮጌዎቹን መለሰ። መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ ስለሚደነድን ለሁለተኛ ጊዜ ክፍተቱን ሞልቶ አይዘጋም። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ ፕላስ ቢና ኤፍፒ የሚባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው፣ ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ብቻውን እንዲሠራ ተደረገ፤ መካኒኩ ይህን ዘዴ ማወቁ ዕድሜ ለእሱ ነው። ወዲያው ከብሎኑ ራስ ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል የቤንዚን ጠብታ ብቅ አለች፣ አደገች፣ ተንከባለለች። ከካርቶኑ የወጡት አዳዲስ ቀለበቶች ብሎኑ ከሚያልፍበት የቱቦው ዓይን በላይና በታች ገብተው እንደገና ሲታሰር ጠብታው ቀረ። ብሎኑ የሚጠበቀው ወደ 30 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) በሚሆን ኃይል ቢሆንም ጋራዡ መለኪያ ያለው ቁልፍ አልነበረውም።

የናፍጣ መኪና ያላቸው፣ በተለይም የድሮ ሃይሉክስ ባለቤቶች፣ ከዚህ የሚለይ ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ የእነሱ ፊልትሮ እንደ ዘይት ፊልትሮ እየዞረ የሚገባ፣ ከሥሩ ውሃ ማፍሰሻ ያለው፣ ከላዩ ደግሞ አየር የሚያስወጣ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት ነው።

ከተቀየረ ወዲህ መኪናው የጊቤን አቀበት ሙሉ ጭነት ይዞ ያለ መደነቃቀፍ ይወጣል። አምራቾች ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልትሮ በአብዛኛው ከ40,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ዕድሜ ይሰጡታል፤ በእኛ ሁኔታ የታችኛውን ቁጥር መጠበቅም ቢሆን ብዙ ነው የሚል እምነት አለኝ። ለእጅ ዋጋ የተጠየቅሁት ከፊልትሮው ዋጋ ያነሰ በመሆኑ አላማርርም። ወደ ሱቁ ዳግመኛ ለመሄድ አላመነታም፤ ወደ ጋራዡም ለዘይት ቅየራ እመለሳለሁ፣ የነዳጅ መስመር በሚነካ ሥራ ግን አጠገቡ ቆሜ ካላየሁ መኪናዬን ትቼለት አልሄድም።