ጎ ቋንቋ፦ ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

ደሴ ተቀምጬ በዚሁ ከተማና በኮምቦልቻ ላሉ ሱቆችና መጋዘኖች የሽያጭና የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ቀድሞ እንጀራዬ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነበር፤ ላለፉት አሥር ወራት ግን የምጽፈው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረገው ሌላ ቋንቋ፣ በጎ (Go) ነው።

ለመቀየሬ ምክንያት የሆነው አንድ የኮምቦልቻ እህል መጋዘን ነው። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ስለሌለው ፓይተኑንም ላይብረሪዎቹንም (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ተሸክሜ ቁልቁል ወርጄ፣ አንዷ ላይብረሪ ጎድላ በመገኘቷ ባዶ እጄን ወደ ደሴ የወጣሁበት ቀን ጥቂት አልነበረም። በጎ የተጻፈ ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደሚያስኬደው መልክ ሲለወጥ፣ ሁሉን የያዘ አንድ ፋይል ይሆናል። እኔ በሊኑክስ ብሠራም፣ ፋይሉ ለዊንዶውስ እንዲወጣ ማዘዝ የአንድ መስመር ጉዳይ ነው። አሁን ፍላሽ በኪሴ ይዤ እወርዳለሁ፤ አቦሉ ሳይቀዳ ሥራው ያልቃል።

የግዕዝ ፊደል ግን አንድ ጊዜ አሳፍሮኛል። ጎ የጽሑፍን ርዝመት የሚቆጥረው በባይት፣ በኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ፣ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ደሴ» ለእኛ ሁለት ፊደል፣ ለእሱ ስድስት ነው። በደረሰኙ ላይ የዕቃውን ስም በ20 ባይት እንዲቆረጥ አድርጌ ስለነበር «የኮምቦልቻ ዱቄት» የሚለው «ዱ» ላይ ተሰንጥቆ፣ በቦታው ትርጉም የለሽ ምልክት ታተመ። ጽሑፉን ሩን (rune) ወደሚባለው፣ በፊደል ወደሚቆጠረው ዓይነት ለውጦ መቁረጥ መፍትሔው ነው። በፓይተን 3 ርዝመት የሚቆጠረው በባይት ስላልሆነ ይህ ጣጣ አይገጥመኝም ነበር።

ቀንና ሰዓት የሚያሰላው የጎ መደበኛ የጊዜ ፓኬጅም ጳጉሜን አያውቅም፤ ነጋዴው ሒሳቡን የሚዘጋው በእኛው ወር በመሆኑ የቀን መለወጫውን ራሴ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ አንድ ሥራ ባዘዘ ቁጥር ስህተት መኖሩን ከሥሩ በእጅ ጽፎ መፈተሽ እስካሁን ያሰለቸኛል። ሆኖም ፍላሹ ሞልቶ የሒሳቡ ቅጂ ሳይጻፍ በቀረበት ቀን ፕሮግራሙ በዝምታ ያላለፈው በዚሁ አሰልቺ ፍተሻ ነው፤ ስለዚህ አጉረመርማለሁ እንጂ አልዘለውም።

የቀረኝ ቅሬታ ከዊንዶውስ 7 ጋር የተያያዘ ነው። ከ1.21 ስሪት ጀምሮ ጎ ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል፤ የመጋዘኑ ማሽን ግን ያው አሮጌው 7 ነው። የመጋዘኑን ባለቤት ሐጂን እንዲቀይሩት ብለምናቸው «ልጄ፣ የሚሠራ ዕቃ ይጣላል እንዴ?» አሉኝ። ለእሳቸው ሲባል 1.20ን ከአዲሱ ስሪት ጎን አስቀምጫለሁ፤ የእሳቸውን ፕሮግራም ኮምፓይል የማደርገው በእሱ ብቻ ነው።